የቤት መኪናን ለትራክ ዴይ ማዘጋጀት፦ ከአዳማ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዳማ ላይ መኪና ስጠግን ዓመታት አልፈዋል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲቀዛቀዝ ወደ ጋራዡ ጎራ የሚሉ ወጣቶች የሚያነሡት ጥያቄ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ «መኪናዬ ፈጣን እንድትሆን ምን ላድርግላት?» ይላሉ። አንዳንዶቹ ዘመድ ለመጠየቅ ዱባይ ወይም ደቡብ አፍሪካ ሄደው ትራክ ላይ ሲነዳ አይተው የመጡ ናቸው። ጥያቄው ደስ ይለኛል፤ መኪናውን የሚወድ ሰው መኪናውን ይንከባከባል። መልሴ ግን ብዙውን ጊዜ ከጠበቁት ቦታ ይጀምራል ማለት አልችልም።

ትራክ ዴይ ውድድር ነው?

አይደለም። ለውድድር ተብሎ በተሠራ ዝግ መንገድ ላይ፣ ተመዝግበውና ከፍለው፣ የራስዎን መኪና እስከሚችሉት ድረስ የሚነዱበት ቀን ነው። አሸናፊ የለም፤ መቅደም የሚፈቀደውም በተወሰኑ ቦታዎች ብቻ ነው። አሽከርካሪዎች እንደ ልምዳቸው በቡድን ይከፈላሉ፤ አንዱ ቡድን ብዙውን ጊዜ ለ20 ደቂቃ ያህል ነድቶ ይወጣል፣ መኪናውን ያሳርፋል፣ ተራው ሲደርስ ደግሞ ይገባል።

አዳማ ውስጥ የት ልነዳ እችላለሁ? ሌሊት ፈጣን መንገዱ ላይስ?

ፈጣን መንገዱ ላይ በፍጹም አይሆንም። ይህን የምለው ቅጣቱን ፈርቼ አይደለም። ከአዲስ አበባ አዳማ ያለው መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ በዚያ ርዝመት ላይ ጎማው የፈነዳበት የጭነት መኪና፣ መብራቱን አጥፍቶ የቆመ ተሳቢ ወይም አጥሩን አልፎ የገባ እንስሳ የት እንደሚያጋጥምዎ አያውቁም። ትራክ ላይ ከመንገዱ ቢወጡ የሚቀበልዎ ሰፊ ሜዳ፣ ባንዲራ የያዘ ሰው፣ የተዘጋጀ አምቡላንስ አለ። ፈጣን መንገዱ ላይ የሚቀበልዎ የብረት አጥር ነው፤ ከጎንዎ ያለው መኪና ውስጥ ደግሞ ምንም የማያውቅ ቤተሰብ ተቀምጧል።

ከተማችን የአስፋልት ትራክ የላትም። ስለዚህ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ወደ ውጭ ሲሄዱ መሞከር ነው። የዱባይ አውቶድሮም ትልቁ ዙር 5.39 ኪሎ ሜትር ነው፤ በጆሃንስበርግና በፕሪቶሪያ መካከል ያለው ካያላሚ 4.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ጀርመን ያለው የኑርበርግሪንግ ሰሜን ዙር ደግሞ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በ1927 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ተከፍቶ እስከ ዛሬ በተወሰኑ ቀናት ማንም መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ከፍሎ ሊነዳበት ይችላል።

ሁለተኛው እዚሁ ዝግ ግቢ ፈልጎ መለማመድ ነው። የግቢው ባለቤት በጽሑፍ የፈቀደው፣ ለከተማው አስተዳደርና ለትራፊክ ፖሊስ የተነገረ፣ አጥር ያለው፣ እንጨትና ምሰሶ የሌለበት ሰፊ ሜዳ መሆን አለበት። አሸዋ የተሞሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶችን በ15 ሜትር ልዩነት ደርድረው በመካከላቸው በ40 እና በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየተጠማዘዙ ማለፍ ትንሽ ነገር ይመስላል። ከሰዓት ሙሉ ሠርተውት ሲወጡ ግን ጎማዎ መቼ እንደሚለቅ እጅዎ ያውቀዋል። ተመልካች በኩርባው ውጫዊ ጎን አይቁም፤ መኪና ሲስት የሚሄደው ወደዚያ ነው።

ከምን ልጀምር? ሞተር፣ ማርሚታ ወይስ ቸርኬ?

ከፍሬን። አሥር ጊዜ ቢጠይቁኝ አሥር ጊዜ ይህን እመልሳለሁ።

ምክንያቱን በቁጥር ላሳይዎ። አንድ ቶን የምትመዝን ቪትዝ ከ120 ወደ 60 ኪሎ ሜትር ስትቀንስ ፍሬኑ ወደ ሙቀት የሚቀይረው ጉልበት ከአንድ ሊትር ከሩብ በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ጀበና ሙሉ ውሃ ከሰል ላይ ለመፍላት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ቤት ውስጥ ያውቁታል። ፍሬኑ ያንን ሙቀት የሚቀበለው በሦስት በአራት ሰከንድ ነው፤ አብዛኛውን የሚሸከሙት ደግሞ ሁለቱ የፊት ዲስኮች ናቸው። ከተማ ውስጥ እንዲህ ያለ ፍሬን በሳምንት አንዴ ይይዙ ይሆናል። ትራክ ላይ በእያንዳንዱ ዙር አምስት ስድስት ጊዜ ይይዛሉ፤ ዲስኩ ሳይቀዘቅዝ ሌላ ይጨመርበታል።

ፍሬን በሙቀት የሚከዳው በሁለት መልኩ ነው፤ ልዩነቱን እግርዎ ሊያውቀው ይገባል። ፔዳሉ እንደወትሮው ጠንካራ ሆኖ መኪናው ግን አልቆም ካለ፣ ዲስኩን የሚጨብጠው ሸራ ከአቅሙ በላይ ሞቋል ማለት ነው። ፔዳሉ ለስልሶ እንደ ስፖንጅ ወደ ታች ከሰመጠ ደግሞ የፍሬን ዘይቱ ፈልቷል፤ መስመሩ ውስጥ እንፋሎት ገብቷል፤ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል። ብዙ ጊዜ «ፍሬን በጠሰ» ከምንለው ውስጥ የተበጠሰ ነገር የሌለበት፣ ዘይቱ ብቻ የፈላበት አለ።

እኔ ይህን የተማርኩት ከአሰላ ስወርድ ነው። ኢተያን አልፌ ወደ ዴራ የሚወስደውን ቁልቁለት በአራተኛ ማርሽ፣ እግሬን ፍሬኑ ላይ አድርጌ እወርድ ነበር። መጀመሪያ የተቃጠለ ሽታ መጣ። ቀጥሎ ፔዳሉ ከግማሽ በታች ወረደ። ደጋግሜ ስረግጠው ጥቂት ተነሣ፤ ማርሹን ወደ ሁለተኛ ጎትቼ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያልኩ ስቤ ዳር ያዝኩ። ቆሜ እጄ ሲንቀጠቀጥ ትዝ ይለኛል። በማግስቱ ዘይቱን ሳወጣው እንደ ጥቁር ሻይ ሆኖ ነበር፤ ስንት ዓመት ሳይቀየር እንደቆየ አላስታውስም። ከዚያ ቀን ወዲህ የማንንም መኪና ፍሬን ዘይት ሳላይ አልፌ አላውቅም።

የትኛውን የፍሬን ዘይት ልግዛ?

የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት በሳበ ቁጥር ቶሎ ይፈላል። ደረጃው ጠርሙሱ ላይ «ዶት» ተብሎ በቁጥር ይጻፋል። ዶት 3 አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይችላል፤ እርጥበት ሲጠጣ መለኪያው ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 አዲሱ 230፣ እርጥበት የጠጣው 155 ነው። ዶት 5.1 ደግሞ 260 እና 180። ለትራክ ቢያንስ አዲስ ዶት 4 ይሁን። ዶት 5 ግን ስሙ ቢመሳሰልም በሲሊኮን የተሠራ ሌላ ነገር ነውና ከእነዚህ ጋር አይቀላቀልም።

ሲገዙ ክዳኑ ያልተከፈተ፣ ማሸጊያው ያልተቀደደ ጠርሙስ ይውሰዱ። ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የከረመ ግማሽ ጠርሙስ በነጻ ቢሰጥዎም አይቀበሉ። ሲቀየር አሮጌው በአራቱም ጎማ በኩል ሙሉ በሙሉ ወጥቶ፣ አየሩ ተነፍሶ ይለቅ፤ ከላይ ጨምሮ መተው መቀየር አይደለም። ሸራው ከግማሽ በታች ካለቀ ለመንገድ ቢበቃም ለትራክ ይቀየር፤ ቀጭን ሸራ ሙቀቱን በቀጥታ ወደ ዘይቱ ያሳልፋል። አዲስ ሸራ ካስገቡም ሰው በሌለበት መንገድ ከ60 ወደ 20 ኪሎ ሜትር ሙሉ በሙሉ ሳይቆሙ አሥር ጊዜ ያህል እየቀነሱ ያላምዱት፤ ከዚያ ፍሬን ሳይነኩ ነድተው ያቀዝቅዙት።

ጎማስ?

ከፍሬን ቀጥሎ ገንዘብ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። መሬቱን የሚነኩት አራት መዳፍ የሚያህሉ ቦታዎች ናቸው፤ ሌላው ሁሉ የሚሠራው በእነሱ በኩል ነው።

ጎማው ጎን ላይ በአራት አኃዝ የተጻፈውን ያንብቡ። 2319 ካለ በ2019 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ዕድሜው የገፋ ጎማ ያታልላል፤ የአዳማ ፀሐይ ላስቲኩን ያደርቀዋል፣ ጎኑ ላይ የፀጉር ያህል ቀጫጭን ስንጥቅ ያወጣል። እንዲህ ያለውን ጎማ ትራክ ላይ አያስገቡ። ያገለገለ ጎማ ሲገዙም ጎሚስታው ከቸርኬው አውጥቶ ውስጡን ያሳይዎ፤ ከውስጥ የተለጠፈ ጥገና ያለበትን ይተዉት።

ነፋሱን በተመለከተ አንድ ዘዴ ላካፍል። ጎማው ሲሞቅ ነፋሱ ይጨምራል፤ ጠዋት በ32 ፒኤስአይ የጀመረ ጎማ ከአምስት ስድስት ዙር በኋላ 38 ወይም 40 ሊያነብ ይችላል። ጠመኔ ይያዙና ከመግባትዎ በፊት ከጥርሱ ጀምሮ እስከ ጎማው ጎን ድረስ ሦስት ቦታ ላይ መስመር ያስምሩ። ወጥተው ሲያዩት ጠመኔው ጠርዙን አልፎ ጎኑ ላይ ከጠፋ ጎማው እየተጠቀለለ ነው፤ ነፋስ አንሶታል። ጠርዙ ጋ ሳይደርስ ከቀረ ደግሞ በዝቶበታል። ይህ ከማንኛውም ውድ መሣሪያ በላይ ጠቅሞኛል። ሲያበቃ ወደ መደበኛው ልክ መመለስ እንዳይረሱ።

የጎማ ዳዶ በእግር ተረግጦ አይጠበቅም። ለአብዛኞቹ የቶዮታ ትንንሽ መኪኖች ልኩ 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ የቶርክ መፍቻ ይጠበቅ፣ ከመጀመሪያው ዙር በኋላም ይፈተሽ።

አዳማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሞተሩ ጉልበት ያንሰዋል ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ይልቅ 16 በመቶ ያህል ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም በዚያው ልክ ይደክማል። ወረቀቱ ላይ 87 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት ሞተር እዚህ የሚሰጥዎ 73 አካባቢ ነው፤ በቀትር ሙቀት ከዚያም ያነሰ። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ይብስበታል። ለዚህ ነው ከአዲስ አበባ የሚወርድ ሰው «እዚህ መኪናዬ ነቃች» የሚለው።

ያንን የጎደለውን ለመመለስ ማርሚታውን ቆርጦ መጣል ግን ድምፅ እንጂ ጉልበት አይጨምርም፤ ጎረቤትም ያስቀይማል። ክፍት የአየር ማጣሪያም በእኛ አገር አልመክርም። የአዳማን ነፋስ የማያውቅ የለም፤ ከከተማው ዳር የቆሙት የነፋስ ተርባይኖች ያለ ምክንያት አልተተከሉም። ያ ነፋስ አቧራ ተሸክሞ ነው የሚመጣው፤ ደካማ ማጣሪያ ያሳለፈው አቧራ ሲሊንደሩን ይፍቀዋል። ንጹሕ የፋብሪካ ማጣሪያ፣ ጥሩ ካንዴላ፣ አዲስ የሞተር ዘይት። ለመጀመሪያው ዓመት ይህ ይበቃል። ዘይቱ ከመለኪያው የላይኛው ምልክት ላይ ይሁን፤ ረጅም ኩርባ ላይ ዘይት ወደ አንድ ጎን ስለሚሸሽ የጎደለ ከሆነ ፖምፓው አየር ይስባል።

ሞተሩ ቢሞቅብኝስ?

በዚህ ከፍታ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሞተርዎ ደግሞ በሰላሙም ቀን 90 ያህል ላይ ይሠራል። ውሃው ሳይፈላ የሚቆየው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ስለሚይዝ ነው፤ ጤነኛ ክዳን ካለ እስከ 115 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይታገሣል። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ግን ይህን ሁሉ ያሳጣዎታል። ከመኪናው ዕቃ ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ሰዎች ግን ራዲያተር እስከ መቀየር ደርሰው ክዳኑን አይነኩትም።

ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል የተለመደ ልማድ ሆኗል። እባክዎ አያስወጡት። የውሃውን ፍሰት የሚቆጣጠር ስለማይኖር ሞተሩ ወይ አይሞቅም፣ ወይ ወጥ ባልሆነ መንገድ ይሞቃል፤ ሁለቱም የሞተሩን ዕድሜ ይበላሉ። የሙቀት መለኪያው ወደ ላይ ከተነሣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ከፍተው ቀስ ብለው ይውጡ። የቴስታታ ጓርኒሲዮን ከተቃጠለ በኋላ የሚመጣው ወጪ የትራኩን ደስታ ሁሉ ይወስዳል።

መኪናውን ዝቅ ለማድረግ ሱስታውን ላስቆርጥ?

አይቁረጡት። የተቆረጠ ሱስታ ከቦታው ሊወጣ ይችላል፤ ሾኩ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ያልቃል፤ መኪናው ኩርባ ላይ ሳለ ትንሽ ጉብታ ሲመታ ጎማው ይዘላል። በዚህ ምትክ የደከሙትን ሾኮች በደህና አዲስ ይተኩ፤ ቴስቲናውንና ጎሚኒዎቹን ያስፈትሹ። መሪው ላይ በአንድ እጅ ግራና ቀኝ ሲወዘውዙት «ቋ» የሚል ድምፅ ካለ እሱ ሳይጠገን ወደ ትራክ አይሄድም።

በቪትዝ ወይም በኮሮላ ይቻላል?

ይቻላል፤ ለመማር እንዲያውም የተሻለ ነው። ቀላል መኪና ፍሬንና ጎማ አይጨርስም፤ ስሕተትንም በዝግታ ያሳያል። ካምቢዮው አውቶማቲክ በተለይም ሲቪቲ (በማርሽ ፈንታ በቀበቶ የሚሠራው) ከሆነ ግን ዘይቱ ትራክ ላይ ቶሎ ይግላል፤ አራት አምስት ዙር ነድቶ ማሳረፍ ያስፈልጋል። ማኑዋል ያለው ሰው ዕድለኛ ነው።

ወንበር ማውጣት፣ ቀበቶ፣ የብረት ክፈፍ፣ ሄልሜት?

ክብደት ለመቀነስ በነጻ የሚወጣውን ያውጡ፤ ትርፍ ጎማ፣ ክሪክ፣ ምንጣፍ፣ ኮፈን ሥር የተረሳ መፍቻ፣ ወንበር ሥር የሚንከባለል የውሃ ጠርሙስ። የመጨረሻው ቀልድ አይደለም፤ ፍሬን ሲይዙ ተንከባሎ ፔዳሉ ሥር ይገባል።

መኪናው ቢገለበጥ ጣሪያው እንዳይደፈጠጥ ውስጡ የሚበየደውን የብረት ክፈፍ በይድልኝ የሚሉ ያጋጥሙኛል። በትራክ ላይ ሄልሜት አድርጎ ለሚነዳ ሰው በሚገባ የተሠራ ክፈፍ ሕይወት ያድናል። ሄልሜት ሳያደርጉ በየቀኑ ከተማ ውስጥ ለሚነዱት ግን ጭንቅላትዎ አጠገብ የተበየደ ቧንቧ በትንሽ ግጭት ሊገድልዎ ይችላል። መኪናዎ የቤትም የትራክም ከሆነ ክፈፉን ይተዉት፤ የፋብሪካው ቀበቶና ኤርባግ አብረው እንዲሠሩ ተደርገው የተሠሩ ናቸውና አይንኳቸው።

ሄልሜት ሲገዙ ውስጡ ላይ የተለጠፈውን የስኔል (ሄልሜት የሚፈትን ድርጅት) ምልክት ይዩ። ኤስኤ የሚለው ለመኪና ነው፤ እሳት መቋቋሙም ይፈተናል። ኤም የሚለው ለሞተር ሳይክል ነው፤ አንዳንድ ትራኮች አይቀበሉትም። አንዴ የወደቀ ወይም የተመታ ሄልሜት ከላይ ደህና ቢመስልም አገልግሎቱ አብቅቷል።

ቦሎና መድን ላይ ችግር ያመጣል?

ከላይ የጠቀስኳቸው የፍሬን፣ የጎማና የሾክ ሥራዎች በዓመታዊ ምርመራ ላይ ያግዝዎታል እንጂ አይጎዱዎትም። ሞተር መቀየር ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ የሞተሩ ቁጥር ሊብሬዎ ላይ ስላለ አስቀድመው ሕጋዊ ሂደቱን ይጨርሱ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገው የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው፤ የራስዎን መኪና ጉዳት የሚሸፍነው ውል ግን በአብዛኛው ውድድርንና የፍጥነት ሙከራን አያካትትም። ውሉን ቁጭ ብለው ያንብቡ። ይህን አጥብቄ የምለው ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ ነው፤ ያለዎትን ቢያጡ በቀላሉ የሚተኩት አይደለም። ለመለዋወጫም ቢሆን አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ድረስ መሄድ የማይቀር ይሆናል።

ነድቼ ስጨርስ በዚያው መኪና ወደ ቤት መሄድ እችላለሁ?

አዎ፤ ግን የመጨረሻውን ዙር ፍሬን ሳይነኩ በዝግታ ይንዱ፤ አየሩ ዲስኩን ያቀዝቅዘው። ሲያቆሙ የእጅ ፍሬን አይሳቡ፤ የጋለ ሸራ ሊጣበቅ ይችላል። ከጎማው ሥር ታኮ ያድርጉ። ሞተሩን ወዲያው አያጥፉ፤ ሁለት ደቂቃ ይሥራ፤ ካጠፉት በኋላ ማርሽ ያስገቡ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የጎማውን ነፋስ ያስተካክሉ፣ ዳዶዎቹን በቶርክ መፍቻ ይፈትሹ፣ የሞተር ዘይቱንና የፍሬን ዘይቱን ልክ ይመልከቱ፣ በቸርኬው ቀዳዳ በኩል አጎንብሰው የፊት ሸራው ስንት እንደቀረው ይዩ። ከዚያ መኪናው ቆሞ ሳለ ፔዳሉን በኃይል ረግጠው ሃያ ቆጥረው ይያዙት። ቀስ እያለ ወደ ታች ከሄደ ቁልፉን ያውጡና ሜካኒክ ይጥሩ።